94 ሰዓት የተጫወትኩት ጌም አልከፈት አለኝ፤ መብራቱ ነው ወይስ እኔ?

ጥያቄውን የለጠፍኩት አርብ ማታ ነው። እሑድ ማታ ላይ መልሱ 24 ደረሰ። ከላይ እስከ ታች የማንበብ ትዕግሥት ለሌላችሁ ክሩን፣ ማለት ልጥፌንና ከሥሩ የተሰለፉትን ምላሾች፣ በራሴ አፍ ልተርክላችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልደግምም። አንዳንዱ ባይደገምም ይሻላል።

መጀመሪያ የኔው ልጥፍ። ላፕቶፔ ላይ አንድ ትልቅ አርፒጂ ጌም እጫወታለሁ። ሰው ትፈጥራለህ፣ ደረጃውን ታሳድጋለህ፣ ሰፊ ዓለም ውስጥ እንዳሻህ ትዞራለህ። ስሙን ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ ስም ከተጠራ ነገሩ የደጋፊዎች ጠብ ይሆናል ብዬ ነው። 94 ሰዓት ተጫውቻለሁ። ሐሙስ ማታ ሴቭ እያደረግሁ፣ ማለት የደረስኩበትን እያስቀመጥኩ፣ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ካልተሰካ አይሠራም። እሱም አብሮ ድርግም አለ። አርብ ከሥራ ገብቼ ጌሙን አስነሳሁት። ሜኑው ይመጣል። የመጨረሻውን ሴቭ ሎድ ሳደርገው መስመሩ ግማሽ ድረስ ይሄድና ስክሪኑ ይጠቁራል። ከዚያ ዴስክቶፕ። ምን ሆኜ ነው የሚል መልእክት እንኳ የለም።

ከሱ በፊት ያለውን ሞከርኩ። ያው ነው። በጠቅላላው ዘጠኝ ሴቭ ሞከርኩ፤ ዘጠኙም ክራሽ ያደርጋሉ። ሁለት ሳምንት ያለፋቸው ግን ይከፈታሉ። እንግዲህ እኔ ፍርዴን ሰጥቼ ነበር፤ መብራቱ ዲስኩን ነክቶታል፣ ሴቮቼንም በልቷቸዋል። ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ሊድኑ ይችላሉ ወይ? ለወደፊቱስ እንዴት ነው ሴቭ የሚደረገው?

ምላሽ 1 ጨዋ ሰው ነው። ወንድሜ አይዞህ ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ አራት ነገር ጠየቀኝ፦ የጌሙን ስም፣ የሴቭ ፋይሎቹን መጠን፣ ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር) ጭኜ እንደሆነ፣ ዲስኩ ላይ የቀረውን ቦታ። ለሁለቱ መለስኩ። ፋይሎቹ ከ10 እስከ 11 ሜጋባይት ናቸው፤ ዲስኩ ላይ 40 ጊጋባይት አለ። ሁለቱን ዘለልኳቸው። ይህችን ዝላይ ያዙልኝ።

ምላሽ 2 ሙድ ያዘብኝ። በ94 ሰዓት መንጃ ፈቃድ ይወጣ ነበር አለ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም በልቤ ሳቅሁ።

ምላሽ 3 ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይመስለኛል። መብራት ፋይልን እንዴት እንደሚገድል ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ጌሙ በአሮጌው ሴቭ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ከሆነ፣ መሃል ላይ መብራት ሲሄድ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም አላለቀም። ተጠንቅቆ የተሠራ ጌም ግን መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ይጽፋል። ሲጨርስ ስሙን ቀይሮ በአሮጌው ቦታ ያስቀምጠዋል። በዚህ መሃል መብራት ቢሄድ የሚጠፋው ጊዜያዊው ብቻ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ተቋርጦ የቀረ ፋይል ብዙውን ጊዜ ያጥራል፣ አለዚያም ዜሮ ባይት ይሆናል። የኔዎቹ ግን እኩያ ናቸው። ደግሞስ አንድ ጊዜ የሄደ መብራት ዘጠኝ ፋይል እንዴት ያበላሻል? ሐሙስ ማታ ይጻፍ የነበረው አንዱ ነው፤ የሰኞውና የማክሰኞው በሰላም ተኝተው ነበር። በዚህ መብራቱን በነፃ አሰናበተው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። መብራትን መክሰስ የመሰለ ቀላል ነገር የለም። ተከሳሹ ቀርቦ አይከራከርህም።

ምላሽ 4 ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በጣም ረጅም ጻፈ። ነገሩ የገባኝ ግን በሱ መልስ ስለሆነ እኔም እዚህ ላይ ልቆይ። ያነሳው ስካይሪም የሚባለውን አርፒጂ ጌም ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ሲወጣ በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ለብቻው የሆነ ጣጣ ነበረው። ሰዓቱ ሲበዛ የሴቭ ፋይሉ ያብጣል። አምስት ስድስት ሜጋባይት ሲያልፍ ጌሙ መጎተት ይጀምራል፤ ብሶበት ሃንግ ያደርጋል። አዲስ ጨዋታ የጀመረ ሰው ምንም አይታየውም። ለረጅም ሰዓት የተጫወተው፣ ማለት ጌሙን አብልጦ የወደደው ሰው ነው የሚቀጣው።

ምክንያቱን ያን ጊዜ በግልጽ ከተናገሩት አንዱ ጆሽ ሶየር ነበር። ፎልአውት ኒው ቬጋስን የመራው ሰው ነው፤ የሱ ጌም ስካይሪም ከተወለደበት የኢንጂን (ጌሙ የሚቆምበት የሶፍትዌር መሠረት) ዘር ስለሆነ የቤቱን ጉድ ያውቃል። ሴቭ ፋይል የዓለሙ ፎቶ አይደለም። የያዘው ልዩነቱን ብቻ ነው። ምላሽ 4 ይህን በዱቤ ደብተር መሰለው። ባለሱቁ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አይመዘግብም። ማን ምን እንደወሰደ ብቻ ይጽፋል። ሰፈሩ ራሱ ጌሙ ውስጥ አለ፤ ደብተሩ ላይ ያለው አንተ የነካኸው ነው። የገደልከው ሽፍታ፣ የከፈትከው ሣጥን፣ በእግርህ ያንከባለልከው ጎመን ሳይቀር። በተጫወትክ ቁጥር ደብተሩ ይወፍራል። ሎድ ስታደርግ ደግሞ ያ ሁሉ ተነቦ ሚሞሪ ላይ ቦታ ይፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 3 ሚሞሪው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ 256 ሜጋባይት ለሥራው፣ 256 ለምስሉ። አንዱ ጋ ሲጠብብ ከሌላው እንደልብ መበደር የለም። ኤክስቦክስ 360 ግን 512ቱን በጋራ ነበር የሚጠቀመው። ያው ጌም፣ ያው ደብተር፣ ጠረጴዛው ግን ጠበበ።

እኔ ይህን ሳነብ ስንት ሰው ቤት ገብቼ ስንት ሰሃን እንደበተንኩ ነው ያሰብኩት።

ምላሽ 5 ሁለት መስመር ናት። ልጁ በላፕቶፕ ነው የሚጫወተው፣ የፕሌይስቴሽን 3 ታሪክ ምን ያደርግለታል አለ። ምላሽ 4 ታሪክ መተረክ እንደሚወድም ጨመረበት። እዚህ ጋ አየሩ ትንሽ ቀዘቀዘ።

ምላሽ 6 ምላሽ 3ን አረመው፣ በትሕትና። ፋይሉ መጠኑ ትክክል ስለሆነ ብቻ ጤነኛ ነው አይባልም። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት የዲስክ አያያዝ የፋይሉን ስምና መጠን ከአደጋ ለመጠበቅ ይጥራል እንጂ የውስጡን ይዘት ዋስትና አይሰጠውም። ስለዚህ መብራት ሲሄድ መጠኑ 11 ሜጋባይት የሆነ፣ ውስጡ ግን ዜሮ ብቻ የሞላበት ፋይል ሊቀር ይችላል። ቆርቆሮው አለ፣ ዘይቱ የለም። በኖትፓድ ክፈተውና እየው አለኝ። ከፈትኩት። ዝባዝንኬ ነው፤ ግን በመሃሉ የሰውዬዬ ስም ጥርት ብሎ ይነበባል። እሱን ስነግረው በቃ ዜሮ አይደለም አለ። መብራቱ ለሁለተኛ ጊዜ ነፃ ወጣ።

ምላሽ 7 ነገሩ ሁሉ መጠን ነው የሚል ነበር። ሳይበርፐንክ 2077ን አመጣ። ጌሙ የወጣው ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ነው። በፒሲ ላይ የሴቭ ፋይሉ 8 ሜጋባይት ካለፈ ይበላሽ ነበር። ዕቃ የሚያከማች፣ ቀን ከሌት ሲሠራና ሲያባዛ የሚውል ተጫዋች ነው ቶሎ እዚያ የሚደርሰው። ሠሪዎቹ ዲሴምበር 23 ባወጡት 1.06 ፓች (ማስተካከያ) ገደቡን አነሡት። ቀድሞ የተበላሸውን ግን ፓቹ አላዳነውም። ስለዚህ ያንተም 10 ሜጋባይት ነው፣ አበቃለት፣ አዲስ ጀምር አለኝ። እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ቀባሪ ነው የተናገረው።

ምላሽ 8 ይህን አልተቀበለም። እኔ በዚህ ክር ውስጥ ባለውለታዬ እሱ ነው። መጠን መጠን እያሉ ሦስት የተለያየ በሽታ አንድ አድርገው ጠሩት አለ። የፕሌይስቴሽን 3ቱ የሚሞሪ ማነስ ነው፤ ፋይሉ ደህና ነው፣ ማሽኑ ነው ያቃተው። የሳይበርፐንኩ የፋይል ገደብ ነው፤ ማሽኑ ደህና ነው፣ ፋይሉ ነው የተበላሸው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ ብሎ የስካይሪምን የፒሲ ስሪት ጠቀሰ። የ2011ዱ ስሪት ሴቭ ውስጥ የጽሑፍ ስሞች ዝርዝር አለ። የዝርዝሩ ብዛት የሚቆጠረው በ16 ቢት ነው። በ16 ቢት የሚቆጠር ነገር ከ65,535 አያልፍም። በርካታ ሞድ የሚጭኑ ሰዎች አለፉት። የሚገርመው፣ ሴቩ ያለ ምንም ምልክት ይጻፋል፤ ክራሹ የሚመጣው ሎድ ሲደረግ ነው። በኋላ መድኃኒቱን የሠራው ከተጫዋቾች መሃል የተነሣ በጎ ፈቃደኛ ነው።

ይህን ብሎ አንድ ጥያቄ ጣለልኝ። መጨረሻ የሚከፈተው ሴቭ እና መጀመሪያ የማይከፈተው ሴቭ መካከል ምን አደረግህ? እኔም አየሁና ምንም አልኩ። ምንም! ልብ በሉ።

ምላሽ 9 ያው ምላሽ 7 ነው። ተቆጥቶ ተመለሰ። ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው አይናገር የሚል ነገር ጻፈ። ምላሽ 8 አልመለሰለትም። ጎበዝ።

ምላሽ 10 ከዱባይ የጻፈች እህት ናት። መጠኑም ሚሞሪውም ሳይሆን ቦታው ሊሆን ይችላል አለች። ፖኬሞን ኤክስ እና ዋይ በኦክቶበር 2013 ሲወጡ ሉሚዮስ የምትባለው ትልቅ ከተማ ጎዳና ላይ፣ የተወሰነ አካባቢ ቆሞ ሴቭ ያደረገ ሰው ተመልሶ ሲገባ ጌሙ ይደርቅበት ነበር። ኒንቴንዶ እዚያ ጎዳና ላይ ሴቭ አታድርጉ ብሎ መክሮ፣ ወሩ ሳያልቅ በ1.1 አፕዴት አስተካከለው። ከሳይበርፐንኩ የሚለየው፣ ተቀርቅረው የነበሩትም ከአፕዴቱ በኋላ ካቆሙበት መቀጠላቸው ነው። ፋይላቸው አልተበላሸማ። ሴቩ የቆመበትን ቦታ ጌሙ ሲሠራው ነበር የሚሰናከለው። ስለዚህ ጠየቀችኝ፦ ዘጠኙም ሴቭ አንድ ቦታ ነው የተደረጉት?

ይህችን ጥያቄ ሳነብ ነው ሆዴ መረበሽ የጀመረው። ከዘጠኙ ሰባቱ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። የገዛ ቤቴ። ቀሪ ሁለቱ ደጁ ላይ። ግን ዝም አልኩ፤ መጀመሪያ እራት ልብላ ብዬ።

እኔ እራት ስበላ ክሩ ከመስመር ወጣ። ምላሽ 11 ሴቭ ሲባል ትዝ ያለው የሰፈሩ ጌም ቤት ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ዘመን። ለሁለት ጆይስቲክ ወረፋ፣ ከጎን የጆተኒ ጩኸት። ሚሞሪ ካርዱ 8 ሜጋባይት ሲሆን የቤቱ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የእግር ኳስ ጌሙን ማስተር ሊግ እዚያች ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ቀን ካርዱ ሞላ። ባለቤቱ ቦታ ለማስለቀቅ ሦስት ወቅት የተለፋበትን ቡድን አጠፋው። የማን እንደነበር ሲታወቅ ቤቱ ለሁለት ቀን ተዘጋ ይላል። ትንሽ ያጋነነ ይመስለኛል፤ ግን ማጋነኑም ደስ ይላል።

ምላሽ 12 በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ወጣትነታቸውን ጃፓን በትምህርት እንዳሳለፉ ጻፉ። ልጆቹም ወዲያው ጋሼ ማለት ጀመሩ። እሳቸው እንዳሉት የ1986ቱ ድራጎን ክዌስት የሚባለው ጌም ጭራሽ ሴቭ አልነበረውም። ስታቆም 20 ፊደል ያለው የይለፍ ቃል ይሰጥሃል፤ በወረቀት ትጽፋለህ፤ በማግስቱ ያንኑ መልሰህ ታስገባለህ። በሁለተኛው ጌም፣ በ1987፣ ቃሉ እስከ 52 ፊደል ደረሰ። አንዷን ፊደል ከመሰሏ ጋር ካምታታህ ጉዞህ በሙሉ ቀረ። አብሯቸው የሚኖረው ልጅ ሁለት ጊዜ ነበር የሚጽፈው፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ የቱ ትክክል እንደሆነ ሳያውቅ ያድራል። በ1988 ሦስተኛው ባትሪ ያለው ካሴት ይዞ መጣና ሁሉም እፎይ አለ። እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም። ባትሪው የያዘው ሲጠፋ ጌሙ ራሱ እያዘነ ይነግርህ ነበር፣ ለዚያውም ለርግማን የተሠራውን ዜማ አሰምቶ። የዚያን ዘመን ጃፓናውያን ዜማውን ሲሰሙ አሁንም ይሰቀጥጣቸዋል ይላሉ። አሜሪካ የተሸጠው የመጀመሪያው የዜልዳ ጌምም ቢሆን ማሽኑን ስታጠፋ የሪሴት ቁልፉን ተጭነህ ያዝ የሚል ማሳሰቢያ ነበረው፤ አለዚያ ሴቩ አደጋ ላይ ይወድቃል። ለጋሼ ብዙ ምስጋና ዘነበ። እኔም ጥያቄዬን ረስቼ አንብቤላቸዋለሁ።

ምላሽ 13 በዚህ መሃል ነው የገባው። ጨዋታውን ቀጥ አደረገው። ሰውዬው ሞድ አለ ወይ ተብሎ ገና በምላሽ 1 ተጠየቀ፣ አልመለሰም። ምን አደረግህ ተብሎ በምላሽ 8 ተጠየቀ፣ ምንም አለ። ቦታው አንድ ነው ወይ ተባለ፣ ጠፋ። አሥራ ሁለት ሰው ጊዜውን የሚያባክነው ለምንድን ነው አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምትለዋንም ተርቶ ሸኘኝ። ሌላም ቃል አለው፤ እሱን ትቼዋለሁ። ስድብ ነበር ለማለት ይከብዳል። እውነት ስለነበረ ነው የቆረጠኝ።

ምላሽ 14 እንግዲህ የኔ ንስሐ ነው። አዎ፣ ሞድ ነበር። አንድ። ሐይቅ ዳር የሚቆም ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው፤ ተጫዋች ሠርቶ በነፃ ያካፈለው። የጫንኩት የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። አዎ፣ የማይከፈቱት ሴቮች በሙሉ ከዚያ በኋላ ያሉት ናቸው። እና አዎ፣ አጥፍቼዋለሁ። ሐሙስ ማታ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ፣ ላፕቶፑ ስለሚጎተት ላቅልለው ብዬ የሞዱን ፎልደር ደለትኩት። ጌሙ እንደበፊቱ ተነሣ፣ ሜኑውም መጣ። ከዚያ ተኛሁ። አርብ ሁሉም ነገር ሲዘጋብኝ በአእምሮዬ የነበረው መብራቱ ብቻ ነው። መደበቄ አልነበረም ለማለት እፈልጋለሁ። ግን ምላሽ 1 ሲጠይቀኝ የዘለልኩት ለምንድን ነው? ለራሴም ጥሩ መልስ የለኝም።

ምላሽ 15 ምላሽ 8 ነው። አልፈረደብኝም። የምላሽ 4ን የዱቤ ደብተር ተውሶ ቀጠለበት። ደብተሩ ላይ የተጻፈው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ይህ ቁጥር እዚህ ሞድ ውስጥ ያለው ሣጥን ነው፣ ያኛው ደግሞ በሩ ነው ይላል። ሞዱን ስታጠፋ ደብተሩ አልተነካም፤ የተነካው ሰፈሩ ነው። ጌሙ ሎድ ሲያደርግ ደብተሩን ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። ጥንቁቅ የሆነ ጌም ቤቱ ከሌለ ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል፤ ያላሰበበት ግን የሌለ በር ሊያንኳኳ ሄዶ ገደል ይገባል። አንተ ደግሞ ከዚህም አብሰህ ሰውዬውን ቤት ውስጥ አቁመህ ቤቱን አፈረስክበት አለኝ። በምን ላይ ይቁም?

የሰጠኝ መድኃኒት በቅደም ተከተል ነው። በፊት ምንም ሳልነካ የሴቭ ፎልደሩን በሙሉ ፍላሽ ላይ እንድገለብጥ። ከዚያ ያንኑ ሞድ፣ ያንኑ ስሪት፣ በነበረበት ተራ ላይ መልሼ እንድጭን። አዲሱ ስሪት አይሆንም፤ ቁጥሮቹ ተቀይረው ሊሆን ይችላል። ከተከፈተልኝ ዕቃዬን ከሣጥኖቹ አውጥቼ፣ ከቤቱ ርቄ፣ ሌላ ከተማ ገብቼ፣ በአዲስ ቦታ ሴቭ እንዳደርግ። በአሮጌው ላይ እንዳልደርብ አስጠነቀቀኝ።

ምላሽ 16 የኔ ነው፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት የተጻፈ፣ ፊደሉ የተንጋደደ። ሞዱን ያወረድኩበት ገጽ ላይ ያለው አዲስ ስሪት ብቻ ነበር። አሮጌው ግን ዚፑ ዳውንሎድ ፎልደሬ ውስጥ ተቀምጧል። ዳውንሎድ ፎልደሬን ካጸዳሁ ዓመት አልፎኛል፤ ስንፍናዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኩት። ጫንኩ። ሎድ አደረግሁ። መስመሩ ግማሽ ደረሰ። ትንሽ ቆመ። አለፈ። ሰውዬዬ ማዕድ ቤቱ ውስጥ እሳት ዳር ቆሟል። የሐሙሱም፣ መብራት የሄደበት ራሱ፣ ተከፈተ። ለካ መብራቱ የሄደው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ኖሯል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ያልቃል ብዬ ነበር። ሰው ግን ገና መሞቁ ነው።

ምላሽ 17 ሞድ ከወጣም በኋላ ሴቩ ውስጥ ፍርፋሪ እንደሚተው አስታወሰ፤ ባለቤት የሌላቸው ስክሪፕቶች (ትንንሽ የትእዛዝ ኮዶች) ይቀራሉ። ለስካይሪምና ለፎልአውት 4 እነሱን ለቅሞ የሚያጸዳ ፕሮግራም ስላለ ለኔም ጌም ቢጤውን ፈልግ አለ። ምላሽ 18 ይህን ሲያይ ጦፈ። ከሹራብ ላይ የተንጠለጠለ ክር መምዘዝ ነው አለ፤ አንዳንዴ ክሩ ብቻ ይወጣል፣ አንዳንዴ እጅጌው። ፕሮግራሙ የማይረባውን ከሚረባው ሁልጊዜ ለይቶ አያውቅም፤ ዛሬ ተከፍቶልህ ከ30 ሰዓት በኋላ አንድ ተልእኮ አልጀምር ይልሃል። ዓመታት እንደተጠቀመበት ምላሽ 17 እዚያው ላይ ጨመረ፤ ምላሽ 18 ዕድለኛ ነህ አለው። የኔን ከጠየቃችሁኝ ከ18 ጋር ነኝ። ሞዱን ከመጀመሪያው አለማውጣት ይቀላል።

ምላሽ 19 ለሁለተኛው ጥያቄዬ የመጣ መልስ ነው። ኩዊክ ሴቭ (በአንድ ቁልፍ የሚደረገው) መርዝ ነው፣ ኦቶሴቭም (ጌሙ በራሱ የሚያደርገው) መርዝ ነው፣ በሜኑ በኩል ብቻ አድርግ አለ። ማስረጃ አላቀረበም። ምላሽ 20 ማስረጃ ጠየቀና ሳይጠብቅ ራሱ መለሰ። በአብዛኛው ጌም ሦስቱንም የሚጽፋቸው አንድ እጅ ነው። ልዩነቱ ጊዜውና ቦታው ላይ ነው። ኩዊክ ሴቭ ብዙ ጊዜ አንዲት ቦታ ላይ ይደራርባል፤ እሷ ከሄደች መመለሻ የለህም። ደግሞም የምትጫነው ዘንዶ እሳት ሲተፋብህ ነው፤ ያኔ መቶ ነገር ገና በመሠራት ላይ ነው። ኦቶሴቭም በር ስታልፍ፣ ጌሙ አንዱን ቦታ አራግፎ ሌላውን ሲጭን ይመጣል። እሱ የሚፈራው ሌላ ነገር ነው፦ ሲሞቱ እየደጋገሙ እዚያው ሎድ ማድረግ። ሚሞሪው ሁልጊዜ ሙልጭ ብሎ አይጸዳም። አንዳንዴ ጌሙን ዘግቶ መክፈት ይሻላል።

ለዚህ ምሳሌ ብሎ የቤቴስዳ ኩባንያ የሠራውን የሞሮዊንድ ጌም ነገር አመጣ። በ2002 በመጀመሪያው ኤክስቦክስ ሲወጣ ማሽኑ ያለው ሚሞሪ 64 ሜጋባይት ነው። ሠሪዎቹ ሚሞሪው ሲጣበብባቸው ምን አደረጉ? የሎዲንግ ምስሉን ስክሪኑ ላይ እንዳለ ትተው ኤክስቦክሱን ራሱን ከጀርባ ሪስታርት ያደርጉት ነበር። ተጫዋቹ ይህ ሎዲንግ እንዴት ረዘመ እያለ ይጠብቃል። ማሽኑ ግን ጠፍቶ እየተነሣ ነው።

ምላሽ 21 ተረት ነው አለ። እንዲህ የሚያደርግ ፕሮግራመር የለም፣ ውሸት አታስፋፉ፣ ሌላም ሌላም። ምላሽ 22 ደግሞ ይህን የተናገረው የቤቴስዳው ቶድ ሃዋርድ ራሱ እንደሆነ፣ በቃለ መጠይቅ እየሳቀ እንዳወራው ነገረው። ምላሽ 21 አልተመለሰም። ይቅርታ የሚባል ነገር በዚህ መድረክ ላይ አይቼ አላውቅም፤ ከኔ በቀር፣ እኔም ተገድጄ ነው።

ምላሽ 23 የዱባይዋ እህት ናት። ቤቱ ስለመሆኑ ቀድማ እንደጠረጠረች በጨዋ ደንብ አስታወሰችኝ፤ ትክክል ናት። አንድ ነገር ጨመረችልኝ። ብዙ ጌም ሴቩን የሚያስቀምጠው ዶክመንትስ ፎልደር ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ያንን ፎልደር ሳታውቀው ወደ ዋን ድራይቭ፣ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻው፣ ሊያዛውረው ይችላል። ጌሙ ሲጽፍ ያኛውም ሊጭን ይሮጣል፤ ሁለት ማሽን ካለህ የትኛው አዲስ እንደሆነ ይጋጫል። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ደግሞ በየኩዊክ ሴቩ 11 ሜጋባይት ፓኬጅ ማለት ነው። ሄጄ አየሁ። በርቶ ነበር። አጠፋሁት። ከዚያ ባትሪ ግዛ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚይዝ ማሽን) ግዛ የሚል አጭር ምክር ሰጥታ ወጣች። ዋጋውን ጠይቄ ነበር፤ ለጊዜው ሶኬቱ ላይ እቆያለሁ።

ሞዱን አላወጣሁትም። ላፕቶፑ አሁንም ይጎተታል። ሰዓቱ 101 ደርሷል።

ምላሽ 24 ሰዎቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ መጣ። ምላሽ 13 ነው፤ ያ የተቆጣው። ሰላምታ የለም፣ ስለ ቀድሞው ነገርም ምንም አላነሣም። ሐይቅ ዳር ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ምድር ቤት አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። ዕቃ ማስቀመጫ ጠፍቶበት እንደተቸገረ ጻፈ፤ የሞዱን ስም ይፈልጋል። ምድር ቤት አለው አልኩት። ስሙን በውስጥ መስመር ላክሁለት። የስሪቱን ቁጥርም ጭምር።